የቀኝ ደረት ክንፍ

ሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ሞተው የተገኙት በ2002 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ውስጥ፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ባባራበት አንድ ማለዳ ነው። አቃቂ፣ ከወንዙ ዳር፣ ሥራ ካቆመ ዓመታት ያለፉት አንድ የክር ፋብሪካ አለ። ማሽኖቹ ተነቅለው ተሸጠዋል፤ የቀረው አጥሩና የውሃ ማማው ብቻ ነው። ሽማግሌው ይህንኑ ባዶ ግቢ ከአንድ የጦር ጓደኛቸው ጋር እየተፈራረቁ ይጠብቁ ነበር። ሣር ሊያጭዱ የገቡ ሴቶች ከማማው ሥር፣ ሣሩ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው አገኟቸው። የድሮ የወታደር ጃኬታቸውን ለብሰዋል፤ ደረታቸው ላይ የብረት ክንፍ ያብለጨልጫል።

ክንፉ አየር ወለዶች ከአውሮፕላን በዣንጥላ መዝለልን ተምረው ሲመረቁ የሚሰጣቸው ዓርማ ነው። ያን ያየ ሰው ሁሉ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም፤ የሰፈሩ ሰው ሌላ ሌላው ቢያዳግተው እንኳ ሬሳ ላይ መፍረድ አያዳግተውም። ሰውየው በወጣትነታቸው ከሰማይ ይዘሉ ነበር፤ አሁን ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለዩም፤ ስለዚህ ኑሮ መረራቸው፣ ለበሱ፣ ክንፋቸውን አደረጉ፣ ወጡ፣ ዘለሉ። የዕለቱ ተረኛ ፖሊስም ይህንኑ ጻፈ።

ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር፣ ልጃቸው ሥርጉት ባትኖር። ሥርጉት ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፖሊስ ጣቢያ ገባችና የምርመራ ክፍል ኃላፊዋ ካልመጣች አልነሳም ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ኢንስፔክተር ዳሲቱ ከሌላ ጉዳይ ስትመለስ እዚያው አገኘቻት።

«ገዳይ ፈልጉልኝ አልልም» አለች ሥርጉት። «ራሱን አለማጥፋቱን ብቻ ጻፉልኝ። ቄሱ ራሱን ለገደለ ፍትሐት አይደረግም፣ ቅጥር ውስጥም አይቀበርም ብለውኛል። እናቴ እዚያ ናት። ከጎኗ ቦታ አለው።»

«ራሳቸውን አለማጥፋታቸውን በምን አወቅሽ?»

«በምንም አላወቅሁም። ግን ትናንት ማታ ልብሱን አጣጥፌ ስሰጠው፣ ለፍልሰታ ሹሮው በጊዜ ይዘጋጅ ብሎኛል። ሊሞት ያሰበ ሰው ስለ ጾሙ ሹሮ ያስባል?»

ዳሲቱ ከሰው ብዙ መጠበቅ ካቆመች ቆይታለች። የተወለደችው እዚያው አቃቂ ዳር ከነበሩት የገበሬ መንደሮች በአንዱ ነው፤ አባቷ ያርሱት የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ቆሟል። ለቅሶ የሚያባባት ሴት አልነበረችም። የሹሮው ነገር ግን አእምሮዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አላት። ረዳቷን ሳጅን ጉተማን አስከትላ ሬሳው ወደተወሰደበት ሆስፒታል ሄደች።

ሐኪሙ የነገራቸው አጭር ነው። ሰውየውን የገደላቸው ውድቀቱ ነው፤ መዝለላቸውን፣ መንሸራተታቸውን ወይም መገፋታቸውን ግን አጥንት አይናገርም። ዳሲቱ ልብሱን ጠየቀች። ጃኬቱ በፌስታል ተጠቅልሎ መጣላት፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች።

የጃኬቱ ጀርባ እርጥበት ብቻ ነው ያለበት። ፊት ለፊቱ ግን ከአንገት እስከ ወገብ ጭቃ ጠጥቶ ደርቋል። ክንፉ በቀኙ ደረት ላይ ነው፤ አንድ ጠብታ ጭቃ የለበትም። በግራው ደረት፣ ከኪሱ በላይ ደግሞ፣ ጭቃ ያልነካው አንድ ቦታ አለ። ቅርጹ ሁለት የተዘረጉ ክንፎች ነው፤ መካከሉ ላይ ያረጀ ቀዳዳ ይታያል።

«ቀኝ ላይ ነው ያደረጉት» አለ ጉተማ። «ዓይናቸው አያይም ብለውናል አይደል፤ ተሳስተው ይሆናላ።»

ዳሲቱ ክንፉን ገልብጣ አየችው። መርፌ ቁልፍ የለውም፤ ከኋላው ቡሎን ወጥቶ በውስጥ በኩል በዳዶ ይታሰራል። ለመትከል ጨርቁን መብሳት ግድ ነው። የቀኙ ቀዳዳ አዲስ ነበር፤ ክሩ ገና አልተተረተረም። ከዚያ ሱሪውን አገላበጠች። ከኋላ በኩል የቀበቶው ማስገቢያ ተበጥሷል፤ ቀበቶውም ወደ ላይ ተስቦ እንደቀረ ያስታውቃል።

በማግስቱ ወደ ማማው ሄዱ። መሰላሉ በብረት በር የታጠረ ነው፤ ሕፃናት እንዳይወጡ ተብሎ በሩ በጓጉንቸር ይዘጋል። ጉተማ የትናንቱን ሲያስረዳ፣ ፖሊሶቹ ላይኛውን ለማየት ሲፈልጉ ሁለተኛው ዘበኛ በያዙት ቁልፍ እንደከፈቱላቸው ተናገረ።

«ተቆልፎ ነበር ማለት ነው?» አለች ዳሲቱ።

«አዎ። ሌላው ቁልፍ ከሟች ኪስ ተገኝቷል።»

ዳሲቱ ጓጉንቸሩን ከፍታ መልሳ ገጨችው። ያለ ቁልፍ ይቆለፋል። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ላይ ወጣች። ማማው አናት ላይ ወለሉ ጠባብ ነው፤ በሦስት በኩል አጥር አለው፣ በወንዙ በኩል ያለው ግን ዝጎ ወድቋል። ከዚያ ሆኖ አቃቂ ሁሉ ይታያል፤ የባቡሩ ሐዲድ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው፣ የሚያጨሱና የማያጨሱ ጭስ ማውጫዎች። ዳሲቱ ጠርዙ ላይ ቆማ ወደ ታች አየችና ወደ ኋላ አለች።

የሟቹ ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ሰው ግን አልሞላበትም፤ ራሱን አጠፋ የተባለ ሰው ለቅሶ ላይ ብዙ መቆየት የሚወድ የለም። ሥርጉት የአባቷን ክፍል ከፈተችላቸው። ግድግዳው ላይ በቀይ ከፈይ የተለበጠ ሰፊ ጣውላ ተሰቅሏል፤ ከዳር እስከ ዳር ክንፍ ነው። የብር የሚመስል አለ፣ ነሐስ አለ፣ ዘውድ ያለበት፣ ዘውዱ የተፋቀበት፣ ኮከብ ያለበት፣ ግማሹ ተቆርጦ የጠፋ። ከጎኑ የሃምሳ አለቃው የምረቃ ፎቶግራፍ አለ፤ ቀጭን ወጣት፣ ክንፉ በግራ ደረቱ።

ሥርጉት እንደነገረቻት፣ በ1983 ሠራዊቱ ተበትኖ ወታደሩ ሁሉ የያዘውን እየሸጠ ወደየቤቱ ሲገባ፣ አየር ወለዶችም ክንፋቸውን ለዳቦ ሰጥተዋል። አባቷ ያኔ ታስረው ነበር፤ እንደተፈቱ የጀመሩት ያንን መልቀም ነው። ከመርካቶ ብረታ ብረት ተራ፣ ከመበለቶች፣ ከጠጅ ቤት። ማን የማንን ክንፍ እንዳደረገ ያውቁ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋም በኋላ ማታ ማታ ጣውላውን በጣታቸው እየዳበሱ ስም ይጠራሉ። አብዛኞቹ ሰሜን የቀሩ ናቸው፤ መቃብራቸው የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

«ሊሸጠው ነበር» አለች ሥርጉት። «እኔ ነኝ የገፋፋሁት። ዓይኑን ይታከም ብዬ። ከእናንተ ገንዘብ አልወስድም ሲል፣ እንግዲያው ይህን ሽጠው አልኩት። ከሊል የሚባል የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዛሬ እሑድ መጥቶ ሊወስደው ነበር።»

ባለቤቷ ተክሌ ከበሩ ተደግፎ ይሰማ ነበር። የሠራተኛ ሰርቪስ ሹፌር ነው። ከአማቱ ጋር ሰላም እንዳልነበረ ዳሲቱ ከጎረቤት ሰምታለች። ስትጠይቀው አልሸሸገም፤ በዚህ ዕድሜያቸው ባዶ ግቢ ሲጠብቁ ማደራቸው ያሳፍረው ነበር፣ እሳቸውም ሹፌር ለወታደር ልጅ አይመጥንም ባይ ነበሩ። በዚያ ማለዳ የት እንደነበረ ስትጠይቀው መኪናው ቱሉ ዲምቱ ላይ በጭቃ ተይዞበት ሠራተኞቹ ወርደው ሲገፉለት እንደነበር ተናገረ። ጉተማ ይህን አጣርቶ እውነት ሆኖ አገኘው።

«በዓመት አንድ ቀን» አለች ሥርጉት ሊሄዱ ሲሉ፣ «በተመረቁበት ቀን፣ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ግቢውን አብረውት ከሚጠብቁት ከጋሼ አሻግሬ ጋር ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። ድሮ ብዙ ነበሩ። የት እንደሚሄዱ ነግረውን አያውቁም። ትናንት ያ ቀን ነበር። ዘንድሮ ግን ጋሼ ወገባቸውን አሟቸው አልሄዱም።»

«አልሄድኩም ብለው የነገሩሽ እሳቸው ናቸው?»

«አዎ» አለች ሥርጉት፤ ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ አልገባትም።

ከሊል ሳሪስ ውስጥ አሮጌ ሳንቲም፣ ሰዓትና ኒሻን የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለው። ወፍራም፣ ለዛ ያለው፣ ዓይኑ ከደንበኛው እጅ የማይነቀል ሰው ነው። አርብ ማታ ከሽማግሌው ጋር ተስማምቶ መለያየቱን፣ ጣውላውን አውሮፓ ላለ አንድ ሰብሳቢ ሊልከው እንደነበር አልደበቀም።

«አልቅሰውብኛል» አለ። «እውነቱን ልንገርሽ ኢንስፔክተር፣ እኔም ሆዴ ባባ። ግን ንግድ ነው።»

ዳሲቱ ሱቁ ውስጥ የተሰቀሉትን የወታደር ጃኬቶች አየች። ከሊል ስለ ዕቃው መናገር ሲጀምር አያቆምምና እያወረደ ያሳያት ጀመር። የአየር ወለድ ጃኬት እንደሚፈለግ፣ ግን አንዳንዱ እንከን እንዳለው፣ ክንፍ የሚደረግበት ቀዳዳ በግራ ብቻ መሆን ሲገባው በቀኝም ተበስቶ እንደሚያገኘው አማረረ።

«የትኞቹ ናቸው እንደዚህ የሚሆኑት?»

ከሊል አሰብ አደረገ። «ከሚስቶቻቸው የገዛኋቸው። ባሏ ቤቷ የሞተባት ሴት ስትሸጥልኝ ሁለት ቀዳዳ ነው። ወታደሩ ራሱ በቁሙ ሲሸጥልኝ ግን አንድ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ዋጋውን ይሰብርብኛል።»

ዳሲቱ አመስግና ወጣች። መኪናው ውስጥ ጉተማ ደጋግሞ ቢያናግራትም አልሰማችውም። እንዲህ የምትሆነው ነገሩ ሲገባትና የገባት ነገር ሲያስጠላት ነው።

አስር አለቃ አሻግሬ ከፋብሪካው በር አጠገብ ባለችው የጥበቃ ቤት ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ረጅም፣ አጥንታቸው የወጣ፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ወልደገብርኤል ታስረው በነበረ ጊዜ ሥርጉትን ትምህርት ቤት እየወሰዱ እየመለሱ ያሳደጓት እሳቸው መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበሩ?» አለች ዳሲቱ።

«ቤቴ። ወገቤን ይዞኝ። ሰው ጠርቶኝ ነው የመጣሁት።»

«ሬሳውን ነክተዋል?»

«ምን ያደርግልኛል ልጄ፤ ፖሊስ ከቦት ነበር። ከሩቅ ነው ያየሁት።»

«ዘለሉ ብለው ያምናሉ?»

«ወልደገብርኤል አይዘልም» አሉ አሻግሬ። «ይህን ጻፊላት ለልጅቷ። ተንሸራቶ ነው ብለሽ ጻፊላት።»

«ተንሸራተው መሆኑን ያየ ሰው ካለ እጽፋለሁ።»

አሻግሬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዳሲቱም አልጨቀጨቀችም።

ሰኞ ጠዋት ሬሳው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ። ዳሲቱ ሥርጉትን፣ ተክሌን፣ ከሊልንና አሻግሬን የሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ የንስሐ አባታቸውንም አስጠራች። ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሕጉ ሕግ ሆኖባቸው ነው እንጂ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ከዓይናቸው ያስታውቃል። የሬሳ ሣጥኑ ክፍሉ መካከል ላይ ነው። ዳሲቱ ከሟቹ ቁም ሳጥን ያወጣችውን፣ ክንፍ ተደርጎበት የማያውቅ ንጹሕ ኮት ሣጥኑ ላይ ዘረጋች። ክንፉን ከኪሷ አወጣች።

«ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ» አለች። «ሃምሳ አለቃ ዛሬም ይቀበሩ ነገ፣ ከክንፋቸው ጋር ነው የሚቀበሩት። ቦታው የት እንደሆነ እኔ አላውቅም። እያንዳንዳችሁ ኮቱ ላይ አስቀምጡልኝ።»

ተክሌ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ቀና ብሎ አየና ክንፉን በግራ ደረት ላይ አኖረው። ከሊል ፎቶግራፉን ማየት አላስፈለገውም፤ ከኪሱ በላይ፣ በግራ፣ ልክ እንደ ዕቃው አስተካክሎ አስቀመጠ። ሥርጉት ማልቀስ ጀምራ ስለነበር ዳሲቱ አለፈቻት፤ ክንፉን ለአሻግሬ ሰጠች።

ሽማግሌው ተቀብለው በመዳፋቸው ጨበጡት። ግራውን አዩ፤ ዳሲቱን አዩ። ምን እየተጠየቁ እንደሆነ በሚገባ ገብቷቸዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር የገባው አልነበረም። እጃቸው ወደ ግራው ደረት ሄዶ ነበር። እዚያ ቢያኖሩት ኖሮ ዳሲቱ የምትይዛቸው አንዳች ነገር አልነበራትም። ከዚያ እጃቸው ተመለሰና ክንፉን በቀስታ በቀኙ ላይ አሳረፉት።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ነው እኮ» አለ ተክሌ።

«እሱ ለቆመ ሰው ነው» አሉ አሻግሬ። «ግራ ላይ ባደርገው አልሞተም ማለቴ ነው። ጓድህ ሲሞት ክንፉን ፈትተህ፣ ጠርገህ፣ በቀኙ ታስርለታለህ። ከእኛ ሻለቃ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ከሻለቃው ደግሞ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ዳሲቱ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሃምሳ አለቃ በግንባራቸው ነው የወደቁት፤ ጭቃው የጃኬታቸው ፊት ላይ ነው። የተገኙት ግን በጀርባቸው ነው። ስለዚህ ከጭቃው ወደ ሣሩ ያገላበጣቸው ሰው አለ። ሲወድቁ ክንፉ በግራቸው ነበር፤ ሥሩ ያለው ጨርቅ ጭቃ አልነካውም፣ የክንፉ ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል። የሞተ ሰው ክንፉን ከግራ ወደ ቀኝ አያዛውርም።»

«ሌባ ሊሆን አይችልም?» አለ ጉተማ።

«ሌባ ይወስደዋል። ከሊል ቢሆን እንዲህ ያለውን ክንፍ ትቶ አይሄድም፤ በጭቃ የተለወሰ ጃኬት ላይ ሌላ ቀዳዳ አይበሳም፣ ለእሱ እንከን ነው። ተክሌ በቀኝ መደረጉን አያውቅም፣ አሁን አይታችሁታል። ይህን ያደረገው ሰው ዳዶ ፈትቷል፣ ጭቃውን ጠርጓል፣ ጨርቁን በስቶ መልሶ አጥብቋል። ሰው ከገደለ በኋላ የሚሮጥ ሰው እጅ አይደለም። የሚያለቅስ ሰው እጅ ነው።»

ቄሱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ታዲያ ሞተው አግኝተዋቸው ይሆናል። ይህ ኃጢአት አይደለም።»

«እኔም እንደዚያ ቢሆን በወደድኩ፣ አባ። ግን የመሰላሉ በር ነበር። ሃምሳ አለቃ በቁልፋቸው ከፍተው ወጡ፤ ቁልፉ ከኪሳቸው ተገኝቷል። የወረዱት በመሰላሉ አይደለም። በሩ ግን ተቆልፎ ተገኘ። ከሳቸው ኋላ በመሰላሉ የወረደ፣ የዘበኛ እጅ ሆኖበት በሩን ገጭቶ ያለፈ ሰው አለ። ቀበቶአቸውም ከኋላ ተስቦ ማስገቢያው ተበጥሷል፤ ከመውደቃቸው በፊት ከጀርባ አጥብቆ የያዛቸው ነበር።» ወደ አሻግሬ ዞረች። «ከሁሉም በላይ የነገረኝ ግን ዝምታዎ ነው። ክንፉን ያደረግሁለት እኔ ነኝ ቢሉ፣ ለብሶ አጊጦ ዘለለ የሚለው ወሬ ያን ሰዓት ይሞት ነበር። ያሳደጓት ልጅ ቄስ እግር ላይ ስትወድቅ አይተዋል። ሞተው ያገኟቸው ቢሆን ኖሮ ዝም አይሉም ነበር።»

ሥርጉት ማልቀሷን አቁማ ነበር። «ጋሼ?» አለች።

አሻግሬ ለዳሲቱ ሳይሆን ለልጅቷ ተናገሩ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነበር። በየዓመቱ በተመረቁበት ቀን ማማው ላይ ይወጣሉ። አንዱ ጠርዙ ላይ፣ እንደ አውሮፕላን በር፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ይቆማል፤ ሌላው ከኋላ ቀበቶውን ይይዘዋል። የሞቱትን ስም ይጠራሉ። ከዚያ ይቀያየራሉ። ሲማሩ እንደዚያ ነበር የተማሩት፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ክብደቱን ሁሉ ለያዘው ሰው ይሰጣል።

«ስም እየጠራን ነበር» አሉ። «መካከል ላይ አቆመና ነገ ከሊል ሊወስዳቸው ነው አለኝ። ለዓይኔ ነው አለኝ። የት ነው የሚወስዳቸው አልኩት። ውጭ አገር አለ። እነዚህ ልጆች እኮ አጥንታቸው እንኳ የለንም፤ ያለን እሱ ጣውላ ነው። የሙህዲን አለ እዚያ፣ የመገርሳ አለ። አልሰጥም በል አልኩት። ሙታን ምን ያደርጉበታል፣ እኔ ልጄን ሳላያት ልሞት ነው አለኝ።»

አሻግሬ መዳፋቸውን ከፍተው አዩት።

«አልገፋሁትም፣ ሥርጉት። ይዤው ነበር። ለቀቅኩት።»

ወዲያው መልሰው ለመያዝ መሞከራቸውን፣ የቀበቶው ማስገቢያ በጣታቸው ላይ መበጠሱን፣ ወርደው ሲያገላብጡት ትንፋሹ እንዳልነበረ ተናገሩ። ክንፉን በቀኙ ያደረጉለት ሌላ የሚያደርጉለት ነገር ስላልነበራቸው ነው። ያ ክንፍ ሰውን ራሱን ገደለ እንደሚያስብል፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደሚያስወጣው አላሰቡም። ሲያውቁት ደግሞ አፍ አጡ። ተንሸራቶ ነው ለማለት አብሬው ነበርኩ ማለት ነበረባቸው፤ አብሬው ነበርኩ ካሉ ደግሞ የልጅቷን ዓይን እያዩ መዋሸት አይሆንላቸውም።

ቄሱ አማተቡና ተነሡ። «ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ ለሥርጉት። «ዛሬውኑ።»

ሥርጉት የለመነችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ተሰጣት። ጉተማ ካቴናውን ሲያወጣ ዳሲቱ በዓይኗ ከለከለችው። አሻግሬ ወገባቸውን ይዘው ብቻቸውን ወጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ሣጥኑ ዞረው ቀጥ ብለው ቆሙና ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ጎበጡ።

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ዝናብ ይጥል ነበር። ወሬው ተለውጧልና ሰው ብዙ መጣ፤ ትናንት ድንኳኑን ሸሽተው የነበሩትም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊት ቆሙ። ሃምሳ አለቃው ከሚስታቸው ጎን አረፉ። ክንፉ ግን አብሯቸው አልተቀበረም፤ ኤግዚቢት ነውና ከጃኬቱ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ቀረ። ጣውላውም ለማስረጃነት ተወሰደ። ግምጃ ቤት የገባ ነገር መቼ እንደሚወጣ ዳሲቱ ታውቃለች፤ ሥርጉት ስትጠይቃት ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል አለቻት። ራሷ የማታምነውን ነገር መናገሯ አስጠላት። ተንሸራተው ነው ብላ ብትጽፍ ኖሮ ፍትሐቱ ይደረግ እንደነበር፣ ለልጅቷም አንድ ሽማግሌ ይተርፍላት እንደነበር ከሥርጉት ይልቅ እሷ ነበረች የምታስበው። ነገሩ እንደገና ቢመጣም ግን ተንሸራተው ነው ብላ አትጽፍም ነበር። ይህ ደግሞ አላጽናናትም።

አሻግሬ ፍርድ ቤት ቀርበው ሲጠየቁ አልካዱም፤ ጠበቃም አልፈለጉም። ቀጠሮው ግን ተራዘመ፤ ቂሊንጦ እስር ቤት ወረዱ።

በመስከረም፣ አንድ እሑድ፣ ሥርጉት ስንቅ ቋጥራ ቂሊንጦ ሄደች። ለተክሌ አልነገረችውም። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እናቶች፣ ሚስቶች፣ ሕፃን ያዘሉ። ተራዋ ሲደርስ ፖሊሱ ሳህኑን ከፍቶ በማንኪያ እያገላበጠ የእስረኛውን ስም ጠየቃት። ነገረችው።

«ምኑ ነሽ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

ከኋላዋ ያለችው ሴት ገፋ አደረገቻት።

«ልጁ ነኝ» አለች።

ስንቁ ገባ። ከቆይታ በኋላ ሌላ ፖሊስ ሳህኑን እንዳለ ይዞ ተመለሰ። እስረኛው ልጅ የለኝም ብለዋል አላት። ሥርጉት ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ የጠቀለለችበትን ጨርቅ እንደገና ቋጥራ ወደ ታክሲው መሄድ ጀመረች። በሚቀጥለውም እሑድ ሄደች፤ ያን ቀንም ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ።